«ለቀብር» ወይስ «ለብር»? በጽሑፍ ኤዲተር የሙከራ እትም መጫኛ ቀን የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኛ ጋር የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ ከጽሕፈትና ከኅትመት ሥራ የመጣችሁ የድሮ ባልደረቦቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

የፕሮግራሙ አዘጋጆች ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል፤ ርዕሱንም «የኢማክስን የሙከራ እትም እንዴት እንጭናለን» ብለው ጽፈውልኛል። የአጫጫኑን ነገር አልዘለውም። ነገር ግን የምታውቁኝ ሁሉ እንደምትገምቱት፣ ጉዳዩ መጫን ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ገጽ መመሪያ አባዝቼ በየወንበራችሁ ላይ አስቀምጬ ዝም እል ነበር። የቆምሁት ከጫንን በኋላ ስለምናደርገው፣ ይበልጡን ደግሞ ስለማናደርገው ነገር ልናገር ነው።

ኢማክስን ገና ለምትተዋወቁት፦ እ.ኤ.አ. በ1976 በኤም.አይ.ቲ. የተወለደ፣ ከ1984 ጀምሮ ሪቻርድ ስቶልማን ነጻ ሶፍትዌር ለሚሠራው ግኑ ፕሮጀክት ዳግመኛ የጻፈው፣ እስከ ዛሬም በበጎ ፈቃደኞች እጅ የሚታደስ የጽሑፍ ኤዲተር ነው። አዲስ ዋና እትም ከመታወጁ በፊት የሙከራ እትሞች ለሕዝብ ይለቀቃሉ፤ ባለቤቶቹ «ቅድመ ሙከራ» ይሏቸዋል፣ እኛ እንደ ልማዳችን ቤታ እንላቸዋለን። 30.1 የተባለው እትም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ከመውጣቱ በፊት 30.0.91፣ 30.0.92 እና 30.0.93 በየተራ ተለቅቀው፣ የፈለገ ሁሉ ጭኖ እንዲፈትናቸው ወራት ተሰጥቶ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበረው ዋና እትም፣ 29.1፣ የወጣው በጁላይ 2023 ነው። በመካከል ትንንሽ እትሞች ለአጣዳፊ ጥገና ወጥተዋል፤ ከዋና እትም እስከ ዋና እትም ግን ዐሥራ ዘጠኝ ወር ገደማ ሆኗል። በሙከራው ወራት ያልተነገረ የፊደላችን ጉድለት ምን ያህል ጊዜ አብሮን ሊከርም እንደሚችል ከዚህ አስሉት።

አሁን ወደ ታሪኬ ልግባ። ከእናንተ ግማሾቹ ሰምታችሁታል፤ ታገሡኝ፣ እስከ ዛሬ ስተርከው መጨረሻውን እያሳጠርሁ ነበርና። ከዓመታት በፊት አንድ ኤዲተር፣ ስሙን አልጠራውም፣ ኢማክስ ግን አልነበረም፣ አዲስ ቤታ አወጣ። ያን ጊዜ አራት ኪሎ አካባቢ በአንዲት ጠባብ የጽሕፈት ቤት ውስጥ ቀን ቀን የሰው ማመልከቻ እየጻፍሁ፣ ማታ ማታ ፕሮግራም መጻፍ እማር ነበር። ቤታው ያማረ ነበር፤ ጥቁሩ መደብ፣ ፍጥነቱ፣ ከሁሉም በላይ በየጥቂት ሰከንዱ ሳይታዘዝ በራሱ ሴቭ ማድረጉ። መብራት በሄደ ቁጥር ግማሽ ማመልከቻ ለሚጠፋበት ሰው ይህ እንዴት ያለ ጸጋ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አንዲት ደቂቃ ሳላመነታ የድሮውን አጥፍቼ አዲሱን በቦታው ጫንሁት። ልብ በሉ፤ አጥፍቼ ነው ያልኋችሁ።

በዚያው ሳምንት የእድራችን ዳኛ በእጅ የተጻፈ፣ ብዙ ቦታ የተሰረዘና የተደለዘ የመተዳደሪያ ደንብ ይዘው መጡና «ልጄ፣ ይህን በኮምፒውተር አሳምረህ ጻፍልን፤ እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ አለ» አሉኝ። ቅዳሜ ሌሊት ጨረስሁ፤ አተምሁ፤ ስድሳ ቅጂ አባዛሁ። እንቅልፍ ስላሸነፈኝ መልሼ አላነበብሁትም፤ ይህም የእኔው ጥፋት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድንኳን ውስጥ ተሰብስበን ጸሐፊው አንቀጽ በአንቀጽ ያነብባል፣ ሽማግሌዎቹ ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አንቀጽ 14 ላይ ደረሰ። በእጅ የተጻፈው «አንድ አባል ሲሞት ሁሉም አባላት ለቀብር የመገኘት ግዴታ አለባቸው» ይል ነበር። የእኔ ቅጂ ግን «አንድ አባል ሲሞት ሁሉም አባላት ለብር የመገኘት ግዴታ አለባቸው» ብሎ ተነበበ። ጸሐፊው ቆመ፤ መነጽሩን ጠርጎ ደገመው፤ ያው ነው። ዳኛው ዐይናቸውን ሳይገልጡ «ይህችን አንቀጽ እንኳ የሚጥሳት አይገኝም» አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። አንድ ሰውዬ «ገንዘብ ያዡ ከዛሬ ጀምሮ መቅረት ሊያቆም ነው» ሲል ገንዘብ ያዡ ተቆጥቶ ተነሣ፤ እርሱን ለማስቀመጥ ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ በስድሳው ቅጂ ላይ አንድ በአንድ በእስክሪብቶ «ቀ» እያስገባሁ ዋልሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ስሜ «ለብር» ሆኖ ቀረ፤ ዛሬም የሚጠሩኝ አሉ።

የሆነው ይህ ነው። በእኛ ኪቦርድ አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ በሁለት ምት ይወለዳል፤ መጀመሪያ «ቅ» ይመጣል፣ አናባቢው ሲከተል ወደ «ቀ» ይለወጣል። በሁለቱ ምቶች መካከል ፊደሉ ገና በኪቦርዱ ሶፍትዌር እጅ ነው፤ ኤዲተሩ አልተረከበውም። ያ ቤታ ልክ በዚያች ቅጽበት በራሱ ሴቭ ሲያደርግ ያልተረከበውን ፊደል ይጥለው ነበር። በላቲን ለሚጽፍ ሰው ግን አንድ ምት አንድ ፊደል ስለሆነ፣ ሠሪዎቹ በራሳቸው ጠረጴዛ ላይ ሺህ ጊዜ ቢሞክሩት አያገኙትም። ሊያገኘው የሚችለው እንደ እኔ በሁለት ምት የሚጽፍ ሰው ብቻ ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ በስድሳ ቅጂ የታተመ ማስረጃ በእጁ ይዞ ነበር።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ቤታውን አጠፋሁት። ለሚሰማኝ ሁሉ «ፈረንጅ ፊደላችንን ንቆታል» እያልሁ ዞርሁ። ለሠሪዎቹ የጻፍሁት አንድ መስመር ነው፤ «አማርኛ አይሠራም»። በሁለተኛው ቀን በትሕትና መለሱልኝ፦ የትኛው ኪቦርድ ነው? የትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው? የትኛው ፊደል ነው የሚጠፋው? በራሱ ሴቭ ማድረጉን ብታጠፋውስ ይደገማል? እኔ ግን ተቀየምሁ። አጥፊዎቹ እነርሱ፣ መርማሪዎቹም እነርሱ ሆኑ ብዬ ዝም አልሁ። ጥቂት ሳምንት ጠብቀው «መልስ አልተሰጠም» ብለው ዘጉት። ዋናው እትም ከነጉድለቱ ወጣ። ከዓመት በኋላ በኮሪያ ፊደል የሚጽፍ አንድ ሰው፣ የእነርሱም ክፍለ ቃል ከክፍልፋይ እየተገጣጠመ የሚሠራ ነውና፣ ያንኑ ጉድለት አገኘ። እንግሊዝኛው ከእኔ የባሰ ነበር። ነገር ግን ምን እንደመታ፣ በየስንት ሰከንዱ፣ ምን እንደጠበቀና ምን እንዳየ በሰባት መስመር ዘረዘረ። በሳምንቱ ተስተካከለ፤ በእርሱ ሰባት መስመር የእኔም «ቀ» ተመለሰች።

እስከ ዛሬ የማሳጥረው ይህን ነበር።

የሌላ ሰው ድካም ፊደላችንን ሲያገለግለን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ኢማክስ 20 ሲወጣ በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይቻልበት ነበር። የዓለምን ፊደላት በአንድ የጋራ ኮድ የሚያሰፍረው ዩኒኮድ ፊደላችንን ያስገባው በ3.0 እትሙ፣ በ1999 መሆኑን አስታውሱ። ያን ጊዜ በአገራችን እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የየራሱን ኮድ ይዞ፣ የአንዱ ፋይል በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ይሆን ነበር። የኢማክስን የግዕዝ ክፍል የጻፈው ናኦቶ ታካሃሺ የተባለ ጃፓናዊ ነው፤ ጃፓን ውስጥ ጽኩባ ከተማ በነበረው የኤሌክትሮቴክኒክ ላቦራቶሪ። ከእኛ ወገን ደግሞ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ፊደላችንን በተራ የላቲን ፊደላት የሚወክለውን ሥርዓት ሠርተው ነበርና፣ ኢማክስ ከዚያ ወደ ግዕዝ፣ ከግዕዝም ወደዚያ የሚለውጡ ትእዛዞች ነበሩት። የሥርዓቱ ስም «ሴራ» ይባላል፤ ተንኮል የለበትም፣ የእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃል ነው።

ዛሬም ኢማክስን ከፍታችሁ ኮንትሮልና ኤች፣ ቀጥሎ ኤች ብትመቱ የዓለም ቋንቋዎች ሰላምታ ዝርዝር ይወጣል። አማርኛ አለች። «ሠላም» ትላለች፤ በንጉሡ ሠ። በእሳቱ ሰ መጻፍ አለበት የምትሉ እንዳላችሁ ፊታችሁ ይነግረኛል፤ እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ። እስቲ ይህን አይቶ ለባለቤቶቹ የጻፈ እጁን ያውጣ።

ስለዚህ «ንቀውናል» የሚለውን ቃል ከዛሬ ጀምሮ በዚህ አዳራሽ ውስጥ መስማት አልፈልግም! ጽኩባ ተቀምጦ «ሀ ሁ ሂ»ን ኮድ ያደረገ ሰው ንቆናል? አራት ጥያቄ ጽፎ ሳምንታት የጠበቀኝ ሰው ንቆኛል? ፊደላችንን የናቀ ሰው ካለ፣ ቤታውን ጭኖ፣ ጉድለቱን አይቶ፣ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ለሃያ ጓደኞቹ እያሳቀ ያሳየ፣ ለሠሪው ግን ሰባት መስመር መጻፍ የከበደው ሰው ነው። ያ ሰው እኔ ነበርሁ፤ ብቻዬን እንዳልነበርሁ ግን የዚህ አዳራሽ ዝምታ ይመሰክራል። «እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው» የሚለውንም ሰበብ አልቀበልም። «ይህን መታሁ፣ ይህን ጠበቅሁ፣ ይህን አየሁ» ለማለት የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ይበቃል፤ ካልበቃ ስክሪኑን ፎቶ አንሥታችሁ አያይዙት።

አሁን ስለ አጫጫኑ። የድሮውን ኢማክስ አታጥፉ። ጥቅሉን አውርዳችሁ ከፈታችሁ በኋላ ግንባታውን ለኮምፒውተራችሁ የሚያሰናዳውን «ኮንፊገር»ን ስታስኬዱ፣ «ፕሪፊክስ» በሚለው ምርጫ በራሳችሁ ሆም ውስጥ ያለ ባዶ ፎልደር ስጡት። ያን ጊዜ የምትሠሩበት ኢማክስ በቦታው ይቀራል፤ የአስተዳዳሪ ፓስዎርድም አያስፈልጋችሁም። «ግኑቲኤልኤስ አልተገኘም»፣ ማለትም የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥረው ላይብረሪ የለም ብሎ ቢቆም አትደንግጡ፤ ኡቡንቱና ዴቢያን በተባሉት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ላይ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የላይብረሪው «ዴቭ» የተባለው ጥቅል አለመጫኑ ነው። መጨረሻ ላይ የሚያወጣውን ዝርዝር ሳታነቡ አትለፉ፤ ፊደላትን ለስክሪን የሚያቀናጀውን ላይብረሪ፣ ሃርፍበዝን፣ አልጠቀምም ካለ ፕሮግራሙ ይሠራል፣ ነገር ግን የፊደል አሣሣሉን በደንብ ፈትነናል ማለት አንችልም። ከዚያ ፕሮግራሙን የሚገነባው «ሜክ» ነው፤ ለመጫን ደግሞ «ሜክ ኢንስቶል»። መጫን የማይፈልግ ሰው «ሜክ» ላይ አቁሞ «ኤስ አር ሲ» ከሚባለው ፎልደር በቀጥታ ሊያስነሣው ይችላል። ስታስነሡት ሰረዝና ትልቁን ኪው ጨምሩ፤ የግል ሴቲንጋችሁን ሳይጭን ይነሣል። አለዚያ ከአምስት ዓመት በፊት ከሆነ ቦታ የገለበጣችሁት መስመር ያጠፋውን በቤታው ታሳብባላችሁ።

ስትፈትኑም «ሰላም» ብላችሁ ጻፉና ከርሰሩ ስንተኛው ዓምድ ላይ እንዳለ እዩ። ዩኒኮድን በባይት በሚያስቀምጠው ዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚይዝ ቃሉ 9 ባይት ነው፤ ዓምዱ ግን 3 መሆን አለበት። በዩኒኮድ 4.1 የገባውን የማጥበቂያ ምልክት ፊደል ላይ አኑሩና ቀስቱ ፊደሉን ከነምልክቱ በአንድ ምት ያልፈው እንደሆነ ተመልከቱ። ዓረፍተ ነገር በሚያዘልለው ትእዛዝ ስትሄዱ አራት ነጥብ ላይ ይቆማል ወይስ አንቀጹን ጨርሶ ይነጉዳል? በተርሚናል ውስጥ «ጨ» እና «ጠ» ጎረቤታቸውን ይጫኑ እንደሆነም እዩ። «ሀ» ብላችሁ ስትፈልጉ «ሐ» አለመምጣቱን ግን ባግ፣ ማለትም ጉድለት፣ ብላችሁ አትላኩ፤ በዩኒኮድ ዘንድ ሁለቱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ እንዲመጣ ከፈለጋችሁ ምኞት መሆኑን ገልጣችሁ ጻፉ።

«ሪፖርት ኢማክስ ባግ» የሚለው ትእዛዝ እትሙንና ሲስተማችሁን በራሱ ይሞላላችኋል። የቀረውን እናንተ ሙሉ። ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ቁጥሩን እዚያ ሰሌዳ ላይ ጻፉት። ጥያቄ ከመጣ ማን እንደሚመልስ ከስሩ ስሙ ይጻፍ።

ለመፈተኛ የሚሆን ረዥም የአማርኛ ጽሑፍ የሌላችሁ፣ የእድራችንን ደንብ በፍላሽ ይዤላችሁ መጥቻለሁ፤ ዳኛው ፈቅደውልኛል። ቅጂ ላይ ሥሩ እንጂ ዋናውን አትንኩት። ከወረቀቱ ላይ እያያችሁ አንቀጽ 14ን እንደገና ጻፉ፣ ሴቭ አድርጉ፣ ዝጉ፣ መልሳችሁ ክፈቱና «ለቀብር» ማለቱን ንገሩኝ። ኮንፊገር ላይ የቆመባችሁ ወደ ግራው ጠረጴዛ፣ የተነሣላችሁ ወደ እኔ።