ድንጋዩን ማን ያወርደዋል?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ባለፈው ስለ ልቼ፣ አፄ ዮሐንስና ምኒልክ ስለታረቁበት ቦታ፣ ጀምሬ ሰዓት አልቆብን ያቋረጥኩት ወሬ ነበር። ልተወው ብል አልተወኝም።

እስቲ ቦታውን እንያዘው። መጋቢት 1870 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ። የአፄ ዮሐንስ ጦር ሸዋ ገብቷል። የምኒልክም ጦር አለ። ምኒልክ ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ብለው የኖሩ ሰው ናቸው። ዮሐንስ ደግሞ ጉንደትና ጉራ ላይ ግብፅን መልሰው የመጡ ናቸው። ካህናት መሀል ገቡ። ትልቁ ውጊያ ቀረ። ከዚያ ምኒልክ በእግራቸው መጡ፤ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው።

እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም እቆማለሁ። ያ ሁሉ ወታደር ያያል። ከሰሜን የመጣው ያያል፣ የሸዋው ያያል። በማግስቱ አንዱ ተነስቶ "የኛ ጌታ እኮ..." ማለት የማይችልበት ነገር ነው። ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነቱን ማዕረግ ተዉ፣ ለመገበር ተስማሙ። ዮሐንስስ? ሰውየው ጎንበስ ብሎ እጃቸው ላይ ነው ያለው። ማሰር ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የሸዋ ንጉሥ ብለው ዘውድ ጫኑላቸው፣ መድፍ አስተኮሱላቸው። ድንጋዩን ያየ ወታደር ዘውዱንም አየ።

እኔን የያዘኝ ይሄ ሁለተኛው ነገር ነው። የተሸነፈው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት በር አለው። ያሸነፈው ደግሞ ቀና የማድረግ ግዴታ አለበት። እኛ ዛሬ የመጀመሪያዋን ብቻ ነው የያዝነው። "ጎንበስ በል!" እንላለን። ጎንበስ ሲል ቪዲዮውን በቴሌግራም እንቀባበላለን።

ደግሞ እምባቦ አለ። 1874 ላይ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከዓባይ ማዶ ባለው አገር ተጣልተው ተዋጉ። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ምኒልክ አስታመሟቸው። 1888 ዓድዋ ላይ ያ ምርኮኛ ንጉሥ ጦሩን ይዞ ከምኒልክ ጎን ነበር። ይሄን ሳስብ ደስ ይለኛል። በጣም ደስ ይለኛል።

ግን ቆይ። እምባቦ ላይ የወደቀውን ወታደርስ ማን አስታመመው? የልቼውም ዕርቅ ቢሆን የቆየው አሥር ዓመት አካባቢ ነው። 1881 ላይ ተክለ ሃይማኖትና ምኒልክ አደሙብኝ ብለው ዮሐንስ ጎጃም ዘመቱ፣ አገሩን ጦር በላው። ያ ገበሬ ልቼ አልነበረም። ማንም ድንጋይ ተሸክሞ ወደ እሱ ቤት አልሄደም።

አክስቴን ታውቋታላችሁ፣ ስለ ቡናዋ ስንቴ አውርቼላችኋለሁ። ጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም እሷ ቤት ነበርን። ሰዎቹ ፈረሙ፣ ተጨባበጡ። እኛ እልል አልን። የተኩስ መቆም ቀላል ነገር አይደለም፣ ዛሬም እንደዚያው ነው የማምነው። እሷ ረከቦቱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና፣ "እኔ ቤትስ ማን ይመጣል?" አለች። ልጇ በጦርነቱ እንደሞተባት ታስታውሳላችሁ። የመለሰላት የለም። የሚመለስ ነገር ስለጠፋ እንጂ ሳንሰማት ቀርተን አይደለም።

እና ሰሞኑን የማስበው፣ ምናልባት ከነገሥታቱ ይልቅ ከገጠሩ የደም ዕርቅ ነው የምንማረው እያልኩ ነው። እዚያ ሽማግሌ ይላካል። የገዳይ ወገን ወደ ሟች ወገን ይሄዳል። ካሳ አለ፣ መሐላ አለ። "ማሩን" የሚባሉት የሟች ሰዎች ናቸው። የሚምረው የተበደለው ነው፣ ከላይ ያለ ጌታ አይደለም። ሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ለባህላዊ ፍትሕ ቦታ ሰጥቶታል። ጥሩ ነው።

ግን በደም ዕርቅ ገዳዩ ይታወቃል። ስሙ ይታወቃል፣ ጎጡ ይታወቃል። በመድፍ ለሞተ ልጅ ሽማግሌ የሚላከው ከማን ወገን ነው? ከተኳሹ? ካዘዘው? እቤቱ ቁጭ ብሎ "በርቱ!" ሲል ከነበረውስ? ይሄ ያናድደኛል። ዕርቅ የሚለውን ቃል በየመድረኩ ስሰማ እናደዳለሁ፣ ምክንያቱም ማን ከማን እንደሚታረቅ የሚናገር የለም።

አንዳንዶቻችሁ መጀመሪያ የሟቾቹ ስም ቀበሌ በቀበሌ ይጠራ ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ሊሆን ይችላል። እኔ እንጃ፣ ስም ከተጠራ በኋላ አክስቴ ትምራለች ወይ? የመማር ግዴታስ አለባት? የለባትም መሰለኝ። ካልማረች ደግሞ...

አንድ በዕርቅ ሥራ ያረጁ አባት አግኝቼ ነበር። በመሐላው ላይ ሟች ብዙ ገዳይ ያልታወቀ ሲሆን ምን ይደረጋል ብዬ ልጠይቃቸው ደወልኩ። እንዲህ ያለው ነገር በስልክ አይወራም አሉኝ። ልክ ናቸው። እንግዲህ መሄድ ነው፣ መንገዱ ከተከፈተ...