ሁለት ዘጠኝ

እሺ። የመቅረጫዋ ቀይ መብራት በርቷል። ባለፈው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ለግድግዳ ሳወራ መዋሌን ታስታውሳላችሁ፣ ስለዚህ ዛሬ መብራቷን እያየሁ ነው የማወራው።

የጫማው ታሪክ ሁለተኛ ክፍል ዛሬ አይደለም። አውቃለሁ፣ ቃል ገብቻለሁ። ይመጣል። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ስለሰነበተ እሱን ልተንፍሰው።

እሑድ እማዬ ደወለች። መጀመሪያ እንደ ሁልጊዜው የሽንኩርት ዋጋ። ቀጥሎ የጎረቤት ልጅ ሰርግ፣ ማን መጣ ማን ቀረ። ከዚያ ልትዘጋ ስትል፣ እንደ ዋዛ፣ «ስማ እንጂ፣ ያን ቀን ውሃው ውስጥ ሆነን ለማን ልትደውል ነበር?» አለችኝ።

ክራመንድን ነው የምትለው፣ እዚህ ኤዲንብራ ጥግ ያለውን ባሕር ዳር። የነሐሴውን።

እኔም «ለማንም» አልኳት። ዘጋን።

ይኼው ነው። ሌላ ምንም የለም። ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ... አይ፣ እንቅልፍስ እተኛለሁ፣ እኔን ታውቁኛላችሁ። ብቻ ሳህን ሳጥብ ትዝ ይለኛል።

ከክራመንድ በፊት የነበረውን ሳምንት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የጀመረው እዚያ ነው። ተኩራርቼ ነበር። እማዬን የስኮትላንድን ባሕር ዳር አንድ በአንድ አስጎብኛታለሁ ብዬ ተነስቻለሁ። ሊቀመንበሯ፣ ባለቤቴ ማለት ነው፣ ሥራ ላይ ናት፣ እኔ ፈቃድ ወጥቻለሁ፣ ዳኛዋ ልጄ ትምህርት ቤት አልተከፈተላትም። ዳኛዋ አውቶቡስ በነጻ ነው፣ ከፈረንጆቹ 2022 ጀምሮ ካርድ ያለው ከ22 ዓመት በታች ሁሉ በነጻ ነው የሚሄደው። እኔና እማዬ እንከፍላለን። እማዬ በየፌርማታው ሒሳቡን ወደ ብር እየለወጠች «በግ ይገዛል» ትላለች።

መጀመሪያ ፋይፍ ሄድን፣ ከክሬል እስከ አንስትራዘር። ባለፈው አንዲት አድማጭ ልጆች ይዞ የሚኬድበት ቦታ ጠይቃኝ ነበር። እህቴ፣ ይሄን ሂጂ። ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ ብዙም አቀበት የለውም፣ ባሕሩ ከጎንሽ አይለይም። መሀል ላይ የኬፕሊ ዋሻዎች አሉ፣ ግድግዳቸው ላይ የድሮ መስቀል ተቀርጿል። እማዬ መስቀሉን ስታይ ተሳለመችው። እዚያ የነበሩ ሁለት ፈረንጆች ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ባርኔጣ አልነበረኝም፣ ጸጉሬን ነካ ነካ አደረግኩ።

እዚያው ፋይፍ ውስጥ ኢሊ የሚባል ቦታ ደግሞ ገደል ላይ በተቸነከረ ሰንሰለት እየተንጠላጠሉ የሚሄዱበት መንገድ አለ። እሱን ከትንሽ ልጅ ጋር አትሂጂ። እኔ እንኳን ፎቶውን አይቼ ነው ያላበኝ።

እና እማዬ የዚያን ቀን መንገዱን ሙሉ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነው። «የማን መሬት ነው?» በግ አለ፣ አጥር አለ፣ የተዘራ ገብስ አለ። እኛ በዳሩ እናልፋለን። «አያባርሩንም?» እዚህ አገር በፈረንጆቹ 2003 የወጣ ሕግ አለ፣ ሰብል እስካልረገጥሽ፣ ከብት እስካልረበሽሽ፣ በር ከፍተሽ እስከዘጋሽ ድረስ በሰው መሬት ማለፍ ትችያለሽ፣ አልኳት። ዝም ብላ አሰበችበት። «ባለቤቱ ያውቃል ወይ ሕጉን?» አለች። (ሳቅ) ከዚያ በኋላ ባለፍንበት በር ሁሉ መቀርቀሪያውን ሁለቴ እየነካካች ነው ያለፈችው።

አንስትራዘር ስንደርስ ሰው ሁሉ ለዓሣና ድንች ተሰልፏል። ዓሣው እንኳን ይቅር፣ ድንቹን ትብላ ብዬ ገባሁ። ስጠይቅ በበሬ ሞራ ነው የሚጠበሰው። ብዙዎቹ እዚህ እንደዚያ ነው የሚጠብሱት። ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ነበር የቀረው። እማዬ «ገና ነው እንጂ አልገባም፣ ግን ለማንኛውም» ብላ ቆሎዋን አወጣች። ያቺ የቆሎ ከረጢት... አዲስ አበባ ከቤት ስትወጣ ሁለት ኪሎ ነበረች፣ ስትመለስም ሁለት ኪሎ ናት። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

በማግስቱ ኖርዝ በሪክ። ከአሸዋው ላይ ሆናችሁ ባስ ሮክን ታያላችሁ፣ ባሕር መሀል የቆመ ትልቅ አለት፣ አናቱ ነጭ። «በነሐሴ በረዶ?» አለች እማዬ። ወፍ ነው። ጋኔት የሚባሉ ትልልቅ ነጭ የባሕር ወፎችና ኩሳቸው ነው። በፈረንጆቹ 2014 ሲቆጠሩ ከ75,000 ጥንድ በላይ ነበሩ፣ በ2022 የወፍ ጉንፋን ገብቶ ጎዳቸው። ዳኛዋ አንድ በአንድ ልትቆጥራቸው ጀመረች። አርባ ላይ ተጨቃጨቅን።

እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ነው ክራመንድ የደረስኩት። ሁለት ቀን ተሳክቶልኝ። አስጎብኚ ሆኜ።

ክራመንድን ታውቃላችሁ፣ ኤዲንብራ ጥግ ነው፣ የአልመንድ ወንዝ ባሕር የሚገባበት። ከዳሩ አንድ ማይል ገደማ ርቃ ደሴት አለች። ባሕሩ ሲጎድል የተነጠፈ መንገድ ይወጣል፣ በእግር ትሄዳላችሁ። ሲሞላ መንገዱ የለም። በመንገዱ በአንድ ጎን የኮንክሪት ምሰሶዎች እንደ ጥርስ ተደርድረዋል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀልባ እንዳያልፍ የተተከሉ ናቸው። መግቢያው ላይ ሰሌዳ አለ። በየቀኑ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት መሻገር እንደሚቻል ይነግራል፣ በስልክ መልእክት ብትልኩም ይመልሱላችኋል። ባሕሩ ከጎደለበት ሰዓት ሁለት ሰዓት በፊትና ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ውጪ የለም።

እማዬ መንገዱ ጫፍ ላይ ቆማ ጭቃውን አየች። «ውሃው የት ሄደ?»

«ጎደለ።»

«ይመለሳል?»

«ይመለሳል እማዬ።»

«ታዲያ የሚመለስ ከሆነ እኛ ምን እናደርጋለን እዚህ?»

ሳቅኩ። ሳቄ ነው አሁን የሚያናድደኝ። ሴትዮዋ ጎጃም፣ ወንዝ በክረምት ሰው የሚወስድበት አገር ያደገች ናት። እኔ ባሕር ዳር ነው ያደግኩት፣ ጣናን ነው የማውቀው። ጣና የትም አይሄድም። ማታ ትተኸው ጠዋት እዚያው ነው። ስሙ ባሕር ሆኖ... የባሕር በር ነገር ውስጥ አልገባም፣ እንዳትጠብቁኝ። ብቻ የማላውቀውን ውሃ አውቀዋለሁ ብዬ፣ የምታውቀውን ሴትዮ ስቄባት ገባሁ።

የደረሰኝ መልእክት እስከ ሰባት ተኩል ይላል። ማለቴ እነሱ 13፡30 ነው ያሉት።

እና እዚህ ጋ ነው ጉዱ። እስከ ሰባት ተኩል ሲሉኝ ሰባት ተኩል ላይ ከደሴቷ ተነስ ማለት መሰለኝ። ሀበሻ ነኛ! ለሰባት ተኩል ሰርግ ሰባት ተኩል ላይ ነው ካልሲ የምፈልገው። እነሱ ደግሞ ሰባት ተኩል ላይ እግርህ የብስ ላይ ይሁን ነው የሚሉት። ይሄን ለሊቀመንበሯ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። እግራችን ረጠበ ብቻ ነው ያልኳት። ሊቀመንበሯ፣ ይሄን ክፍል የምትሰሚ ከሆነ... አትሰሚም። የጫማውን ነው የምትጠብቂው።

ደሴቷ ላይ የወታደር ፍርስራሽ ቤቶች አሉ፣ ዳኛዋ ከአንዱ ገብታ በአንዱ ትወጣለች። እማዬ ነጠላዋን አንጥፋ ተቀምጣለች። በአንድ ወገን የፎርዝ ድልድዮች ይታያሉ፣ ቀዩ የ1890ው የባቡር ድልድይ። ጥሩ ቀን ነበር፣ እውነቴን ነው። ሰባት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ «በሉ እንነሳ» አልኩ። አምስት ደቂቃ አስቀድሜ! እንዲያውም ጎበዝ ነኝ ብዬ አስቤ ነበር።

አዋቂ ብቻውን ቢሆን ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። ከሰባት ዓመት ልጅና ከጉልበት ሕመም ጋር አይበቃም።

ከግማሽ በላይ ሄደናል። ባሕር ሲመጣ ከፊት ለፊት እየጮኸ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። በጎን ነው። በአሸዋው ቦይ ቦይ፣ ዝም ብሎ። ከእግሬ ሥር አንድ የባሕር አረም ነበር፣ ስንሄድ ደርቆ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ያየሁት። ቀና ብሎ መወዛወዝ ጀመረ። እሱን አየሁ። ከዚያ ቀና ስል መንገዱ ዝቅ የሚልበት ቦታ ላይ መንገድ የለም። ውሃ ነው፣ ምሰሶዎቹ ብቻ ቆመዋል።

«አባዬ፣ መንገዱ የት ሄደ?»

ስልኬን አወጣሁ። 999 ነው የሚደወለው፣ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ትላላችሁ፣ ከኩዊንስፌሪ ጀልባ ይልካሉ። በጎ ፈቃደኞች ናቸው ጀልባው ላይ ያሉት፣ ከሥራቸው ከምሳቸው ተነስተው ነው የሚመጡት። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ሰሌዳው ላይ አንብቤዋለሁ፣ ለዳኛዋም ጮክ ብዬ አንብቤላታለሁ።

ዘጠኝ ጻፍኩ። ዘጠኝ ጻፍኩ። ሦስተኛውን አልጻፍኩም።

ለምን? ይሄን ነው ሳህን ሳጥብ የማስበው። ፍርሃት አይደለም፣ ፈርቼስ ነበር። የታየኝ ነገር... የታየኝ ጀልባው ነው። እማዬ በነጠላዋ ብርቱካናማ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሳ። ዳር ላይ የቆመው ሰው ስልኩን አውጥቶ ሲቀርጽ። ማታ የኤዲንብራ ሀበሾች ቴሌግራም ላይ «ይሄ ፖድካስት ያለው ልጅ አይደለም እንዴ?»። ሰሌዳ ማንበብ ያልቻለ ሀበሻ። ይሉኝታ ነው። እናቴና ልጄ ውሃ መሀል ቆመው እኔ ይሉኝታ ይዞኝ ነበር። ወይም... አላውቅም። ምናልባት ውሃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ብቻ ስለነበር ነው። ምናልባት ትንሽ ነገር አጋንኜ ይሆናል። ምናልባት ብደውል ይስቁብኝ ነበር። አይስቁም፣ ደውሉ ነው የሚሉት። ደሴቷ ላይ ብቆይ ኖሮ እንኳን...

ትክክሉ እሱ ነበር ለነገሩ። ውሃውን ካያችሁ አትግቡ፣ እዚያው ደሴቷ ላይ ሆናችሁ ደውሉ። እኔን አትመልከቱ።

«ለማን ነው የምትደውለው?» አለች እማዬ። ስልኩን እያየች ነው።

«ለማንም።»

ምንም አላለችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠች። ቀሚሷን ሰበሰበች። የዳኛዋን እጅ ያዘች፣ የእኔን አይደለም የዳኛዋን፣ «በስመ አብ» ብላ ገባች። እኔ ከኋላ። ውሃው ብርድ አይደለም፣ እሳት ነው፣ ያቃጥላል። እማዬ ቅልጥሟ ድረስ ደረሰ፣ ዳኛዋ ጉልበቷ። ዳኛዋ ዞር ብላ «ፈርተሃል እንዴ?» አለችኝ። «አልፈራሁም» አልኩ። «እሺ» አለች።

እሺ! እንዲሁ እሺ። ያቺ ልጅ ገንፎ ትኩስ አይደለም ስላት እንኳን እሺ አትልም፣ ማስረጃ ነው የምትጠይቀው። ዳኛ ያልናት በምን ሆነና። ያን ቀን ግን እሺ አለች።

እኛ ቤት «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ሲባል ስለ ክፉ ሰው የሚወራ ነበር የሚመስለኝ። አጎቴን ነበር የሚሉት በነገራችን ላይ። ያ አጎቴ፣ የመኪናው። የእሱን ታሪክ ነግሬያችኋለሁ... አልነገርኳችሁም? ሌላ ቀን።

ወጣን። ይኼው ወጥተን እያወራሁ ነው። እማዬ ዳር ቁጭ ብላ የቀሚሷን ጫፍ ጨመቀች። ለዳኛዋ ቆሎ ዘገነችላት፣ እሷ እንደሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም። እኔን አላየችኝም። ስንዞር ሰሌዳው በሩቅ ይታያል። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ውሻ ይዞ በአጠገባችን አለፈ፣ ሱሪዬን አየ፣ ባሕሩን አየ፣ «አይ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አይ ነው ያለው ወይስ እነሱ እሺን የሚሉት አይ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አውቶቡስ ላይ ዳኛዋ ተኛች። እማዬ በመስኮት እያየች «አገሩስ ደስ ይላል» አለች። ከዚያ እስክትሄድ ድረስ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ አንድም ቀን አላነሳችውም። ሊቀመንበሯ ፊት አላነሳችውም። ኤርፖርት አላነሳችውም። እኔም ረስታዋለች ብዬ... ልቤ እንዲያ ብሎ ነበር።

አሁን ደግሞ ዳኛዋ ቅዳሜ ክራመንድ ካልሄድን ብላ ይዛኛለች። ሰዓቱን ጠይቄ መልእክቱ መጥቷል፣ ስልኬ ላይ አለ። ከ9፡50 እስከ 13፡50 ይላል። ሰባት ሰዓት ላይ እዚህ ማዶ እንሆናለን አልኳት። «ሰባት ሰዓት የማን?» አለችኝ።

እና ነገ ወዲያ እሑድ ነው፣ እማዬ ትደውላለች። ሽንኩርቱ፣ ሰርጉ። እኔ ልጀምረው? «እማዬ፣ ያን ቀን» ብዬ? ምን እላታለሁ፣ ሦስተኛውን ቁጥር ያልጻፍኩት ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው ልበላት? ለነገሩ ስልኩን አይታዋለች። እንግሊዝኛ አታንብብ እንጂ ቁጥር ታነባለች፣ የበጉን ሒሳብ እንዴት ትሠራ ነበር ታዲያ። ሁለቱን ዘጠኝ አይታለች። አይታ ነው የጠየቀችኝ። ወይስ ዝም ብላ... ስትዘጋ ድምጿ እንዲያው...

ቆይ፣ መብራቷ በርታ ነው አይደል?