ገሉ አሁንም በሩ ኋላ ነው

እሺ፣ ሰላም ናችሁ። የሚሰማችሁ ዝናቡ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ። ማይኩ አልተበላሸም። መብራት አለ፣ አዎ፣ ከትናንት ወዲያ ማታ መጣ። መጀመሪያ አንድ ፌዝ ብቻ ነበር፤ አምፖሉ እንደ ጧፍ ቀላ ቀላ ብሎ ቆየና በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሙሉው መጣ። ሁሉንም ነገር ከሶኬት ነቅዬ ነው የጠበቅኩት። ባለፈው መብራት በኃይል ሲመለስ ቻርጀሬ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። የጄኔሬተሩን ነገር ደግሞ እንዳትጠይቁኝ። ልገዛ ነው። (ሳቅ) ልገዛ ነው አልኩ!

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ነበር ላወራ ያሰብኩት፣ ማስታወሻም ይዤ ነበር። ግን ያን ገል ባየሁት ቁጥር... ቆይ።

መብራቱ አምስት ቀን ነው የጠፋው። በቡሄ ማግስት፣ ነሐሴ 14፣ ያ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ የወረደ ዕለት። ምሰሶው ዘመመ። እንጨት ነው፤ የእኛ አገር አፈር ደግሞ ክረምት ላይ ገንፎ ነው፣ ምንም አይዝም። ምሰሶ ሲዘም ሽቦው ይላላል፣ ነፋስ ሲመጣ ሽቦ ከሽቦ ይገናኛል፣ ከዚያ ትራንስፎርመሩ ላይ ያለው ፊውዝ ጧ! አለቀ። እኔ መጀመሪያ እዚህ ስመጣ ኃይል አንሶ ይመስለኝ ነበር። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት ሲባል ሰምቼ፣ «በቃ፣ ሻማ ደህና ሁኚ» ብዬ ነበር። ያን ዕለት እንኳን መብራት ነበረን፣ አልዋሽም። ግን ክረምት ላይ ግድቡ ጢም ብሎ ሞልቶ እኛ ጋ የምትጎድለው ያቺ አንድ ቀጥ ያለች ምሰሶ ናት።

የመጀመሪያው ማታ ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው። ጸጥታ ነው። የመንዝ ባናዬን ተከናንቤ፣ ሲረጥብ በግ በግ ይሸታል፣ ግን ይሙቅ እንጂ... ሁለተኛው ቀን ላይ የታወሩ ባትሪ ስላለቀ ኔትወርኩም ተከትሎ ሄደ። ወፍጮ ቤቱ ቆመ። የኤሌክትሪክ ምጣዴን እያየሁት ዋልኩ፤ ሊጡም በዚህ ብርድ አልኮመጥጥ ብሎ ነበር። ሦስተኛው ቀን ለኢንጂነር ማውራት ጀመርኩ። አዲስ ለሆናችሁ፣ ኢንጂነር ውሻዬ ነው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ምሰሶው ስር ሄዶ ስለሚቀመጥ። ከመጡት ሰዎች ሁሉ በሥራ ሰዓት የተገኘው እሱ ብቻ ነው።

አራተኛው ማታ ነው ነገሩ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ይሆናል። «ይሆናል» የምለው ስልኬ 4 ፐርሰንት ላይ ስለነበር አጥፍቼዋለሁ። ከሰል የለም እንዳትሉ፣ አለ፣ ርሷል። ባይርስም ቤት አስገብቼ በር ዘግቼ አልተኛም፤ ያን የመጀመሪያ ዓመት ራስ ምታቴን ታስታውሳላችሁ፣ እየተንፏቀቅኩ የወጣሁበትን። ሰው «ጭሱ ይውጣለት፣ ከዚያ አስገቢው» ይላል። ጭሱ ቢወጣ፣ ፍሙ ጠርቶ ቀይ ቢሆን እንኳ ያ የሚያፍነው ጋዝ አለ፣ ሽታም መልክም የለውም። ስለዚህ ያለችኝ አንዲት ሻማ ናት፣ ስኒ ማስቀመጫ ላይ ተክያታለሁ።

በሩ ኳ አለ።

እጅ አይደለም። ጠንከር ያለ ነገር ነው፣ የዱላ ጫፍ ነገር። ኳ። ቆየና ኳ ኳ።

እኔ ምን አደረግኩ? ሻማዬን እፍ አልኳት።

«ማነው?» አላልኩም። ዘመኑን ታውቃላችሁ፣ ማታ የሚንኳኳ በር ምን እንደሚመስል እኔ ለእናንተ አልነግራችሁም። እሱን ሰበብ አድርጌ ልተወው እችላለሁ፣ ስንት ቀን ተውኩትም። ግን ኢንጂነር አልጮኸም! ያ ውሻ ፖስተኛ አልፎ ጥላው ቢቀር የሚጮህ ውሻ ነው። ዝም አለ። ዝም ካለ የሚያውቀው ሰው ነው፣ ይሄን እኔም አውቃለሁ፣ ያኔም አውቅ ነበር... አውቅ ነበር ወይስ ጠዋት ነው ያወቅኩት? በዝናቡ ድምፅ አይሰማም። አንድ ቃል ግን ሰምቻለሁ፣ «ልጄ» የሚል ይመስለኛል። ይሄ «ይመስለኛል» ነው የሚያስጨንቀኝ። በሰዓቱ ሰምቼው ዝም አልኩ ወይስ አሁን ነው እየጨመርኩበት ያለሁት? ደጋግሜ አስታውሰዋለሁ፣ በደገምኩት ቁጥር ድምፁ እየጠራ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ጥሩ ምልክት አይደለም መሰለኝ።

ጠዋት በሩን ስከፍት ደጃፉ ላይ ገል አለ። የማሰሮ ስባሪ። በላዩ ሌላ ገል ተከድኖበታል። ሳነሳው ግማሹ የተቃጠለ ኩበት፣ ዙሪያውን አመድ፣ አመዱ ርሶ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ከክፈፉ ስር፣ ዝናቡ በማይደርስበት፣ የዱላ ጫፍ የወጋው ሁለት ነጥብ።

እማማ ገና ነው። (ሳቅ) ስማቸው አይደለም፣ ታውቃላችሁ፣ ምንም ብትጠይቋቸው «ገና ነው» ስለሚሉ። ቀን ላይ «ከሰሌ አልያዝ አለኝ» ብያቸው ነበር፣ እንዲሁ ለወሬ ያህል። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ እድሜያቸው፣ ገሳቸውን ደፍተው ፍም ይዘው መጡ። እና የእኔ በር ሳንቃው ክፍተት አለው፤ ሻማ ሲበራ ውጭ ይታያል። ሲጠፋም ይታያል ማለት ነው።

ሲጠፋ አይተዋል ማለት ነው።

ከዚያ ግን ከድነውት ሄዱ። ቢናደዱ ይዘውት አይመለሱም ነበር? ፍም ከጠፋ እንደገና መጫር ያስቸግራል፣ የእሳቸው ምድጃ ደግሞ እሳቱን አዳፍነው ነው የሚያሳድሩት፣ በወፍራም ኩበት፣ አመድ ከላይ። ከዚያ ቆርሰው ነው ያመጡት። ምናልባት «ፈርታ ነው፣ ስትረጋጋ ትወጣና ታገኘዋለች» ብለው ይሆናል። ወይም እጃቸው ተቃጥሎ ነው ያስቀመጡት። እንጃ።

ጠዋት ወንዝ ስወርድ አገኘኋቸው። «እንዴት አደርሽ፣ በረደሽ?» አሉኝ። በቃ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» አልኩ። አሁን «በረደሽ» ምንድነው? ሰላምታ ነው? ወይስ... እኔ ነኝ መሰለኝ ትርጉም የማበዛው። ሰው ነሐሴ ላይ ሌላ ምን ይጠይቃል?

እያሰብኩ የነበረው ደግሞ፣ ይሄ የከተማችን ስም ነገር። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ደብረ ብርሃን አሉት ይባላል አይደል? ሃሌይ የሚባለው ጅራታም ኮከብ ነው የሚሉ አሉ፣ በፈረንጅ 1456 የታየው። በዚያው በፈረንጅ 2061 ይመለሳል። ስለዚህ በዚህ አገር ቀጠሮው የሚታወቅ አንድ ብርሃን አለን ማለት ነው። (ሳቅ) ይሄን ቀልድ ለእማማ ልነግራቸው ነበር፣ «ገና ነው» እንዲሉኝ። ከዚያ ገሉ ትዝ አለኝና ተውኩት።

አጥቤዋለሁ። በሩ ኋላ ነው። የእሳት ገል አይቀመጥም፣ ይመለሳል፣ ይሄን አያቴ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል። ግን ስመልስ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። «ተኝቼ ነበር» እንዳልል ሻማዋ አለች። ጨው ልበደር መስዬ ሄጄ እግረ መንገዴን... አይ፣ ጨው እንዳለኝ ያውቃሉ። ባለፈው ሳምንት ከእኔ የወሰዱት እሳቸው ናቸው።