«ፈልገን አጣን» እና «አልፈለግንም»፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

ክቡራት እና ክቡራን፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ከመስክ፣ ከላቦራቶሪ፣ ከኮምፒውተር ፊት ተነሥታችሁ ለመጣችሁ ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። የሁለቱ ቀናት ፕሮግራም እጃችሁ ላይ ስላለ እሱን አላነብላችሁም። የተሰጠኝን ደቂቃ በሙሉ ለአንድ ጉዳይ ልጠቀምበት። ጉዳዩ በሥጋት ካርታዎቻችን፣ ማለትም በሽታ የት ሊበረታ እንደሚችል በቀለም በሚያሳዩት ካርታዎች ላይ ያለው ባዶ ቦታ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ከዓመታት በፊት የአንድ አካባቢ የወባ ሥጋት ካርታ ሠርቼ ነበር። የዝናቡን መጠን ከሳተላይት ወሰድኩ። ሙቀቱን፣ ከፍታውን፣ የዕፅዋቱን ልምላሜ ደረብኩበት። ረግረጉና የወንዙ ዳርቻ ቀይ ሆኖ ወጣ። መሀል ላይ ያለው ከተማ ግን አረንጓዴ ሆነ። አስፋልትና ሲሚንቶ ነው፤ የወባ ትንኝ እዚያ ምን ትሠራለች ብዬ አለፍኩት። ካርታው ታተመ። ግድግዳ ላይም ተሰቀለ።

ቆይቶ አንዲት የመስክ ባልደረባዬ እዚያው ከተማ ይዛኝ ሄደች። ሕንፃ እየተሠራ ነው። ግንበኞቹ ውሃ የሚያጠራቅሙበት የሲሚንቶ ገንዳ ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «ጥላህ አይረፍበት» አለች። እጭ ጥላ ሲያይ ይጠልቃል። ከፀሐይ ወዲያ ዞረን ጎንበስ አልን። እጀታው ረዥም የሆነውን ነጭ መጭለፊያ በዝግታ አጥልቃ አወጣችው። መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ነበር የመሰለኝ። ትንሽ ስንጠብቅ ግን ከሥር ያሉት አንድ ሁለት እያሉ ብቅ አሉ። ኩሌክስ ወይም ኤደስ የተባሉት ሌሎች የትንኝ ዓይነቶች እጭ ቢሆን ኖሮ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ በመተንፈሻ ቱቦው ይንጠለጠል ነበር። እነዚህ ከውሃው ገጽ ጋር ልክክ ብለው ተጋድመዋል። ወባ አስተላላፊዎቹ፣ አኖፊለስ ናቸው። እኔ አረንጓዴ የቀባሁት ከተማ መሀል የወባ ትንኝ እያደገች ነበር።

ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም ብዬ መከራከር እችል ነበር። ያስገባሁለትን ነው ያወጣው። ግን ካርታውን ግድግዳ ላይ የሚያየው ሰው ይህን በምን ያውቃል? የሚያየው አረንጓዴውን ነው። አረንጓዴ ደግሞ «አትሥጉ» ነው የሚለው። እኔ እዚያ ከተማ ፈልጌ አላጣሁም። ጭራሽ አልፈለግኩም። ሁለቱን በአንድ ቀለም ቀባኋቸው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይህ የእኔ ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን አልወስድም ነበር። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለውን ትንኝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የደቡብ እስያ ከተሞች ነዋሪ ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ተገኘች። ጅቡቲ በዚያ ዓመት የመዘገበችው የወባ ታማሚ 27 ብቻ ነበር። ወባን ከምድሯ ለማጥፋት ጥቂት ቀርቷት ነበር ማለት ነው። በ2020 የታማሚው ቁጥር ከ73 ሺህ አለፈ። ለጭማሪው ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፤ የዚህች ትንኝ እጅ ግን ከባድ ነው። በ2016 ኢትዮጵያ ውስጥ ቀብሪደሃር ላይ ታየች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ተመራማሪዎች አገናኝተዋታል።

ስቴፈንሲ ዝናብ አትጠብቅም። በርሜል፣ ታንከር፣ የግንባታ ገንዳ ይበቃታል። እንዲያውም ውሃ ሲጠፋ ሰው አብዝቶ ያጠራቅማል፤ ለእሷ ያኔ ነው የሚመቻት። የዝናብና የረግረግ መረጃ ብቻ ይዘን ብንፈልጋት አናገኛትም። ከሰማይ የሚታየው ጣሪያው ነው። ጣሪያው ሥር ያለውን በርሜል ሄዶ ክዳኑን የከፈተ ሰው ነው የሚያውቀው።

ሳተላይትን እያጣጣልኩ እንዳይመስላችሁ። እንጀራዬም እሱ ነው፤ አምነዋለሁም። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ የሆነውን አስታውሱ። የፓስፊክ ውቅያኖስ ያለ ልማዱ የሚሞቅበት፣ የኤል ኒኞ ዓመት ነበር። የባሕሩ ገጽ ሲሞቅ፣ በአፍሪካ ቀንድ ዝናቡ ሲበረታ፣ ደረቁ ምድር ያለ ልማዱ ሲለመልም ከላይ ታየ። ከብትንም ሰውንም የሚያሳምመው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ቫይረስ በኤደስ ትንኝ እንቁላል ውስጥ ሆኖ በደረቀ ጎድጓዳ መሬት ዓመታትን ሊያሳልፍ ይችላል። ጎድጓዳው በውሃ ሲሞላ እንቁላሉ ይፈለፈላል። ባለሙያዎች ይህን አገናኝተው የሥጋት ቦታዎቹን ካርታ ላይ አወጡ። ማስጠንቀቂያው የመጀመሪያው ሰው ከመታመሙ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ቀድሞ ደረሰ። ካርታው የት ሄደን እንፈልግ ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበር። ሰዎች በእሱ ተመርተው ወጡ፤ ፈለጉ፤ አገኙ። ለእኔ የሥጋት ካርታ ሥራው ይህ ነው።

ሙቀት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በብዛት የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋሲ ትንኟ ውስጥ ሆኖ ለመብሰል ቀናት ይፈልጋል። በተለመደው ስሌት በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 12 ቀን ያህል ይበቃዋል። በ20 ዲግሪ ግን ወደ 28 ቀን ይሄዳል። ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ ይቆማል። ትንኟ ደግሞ ብዙ ዕድሜ የላትም። አብዛኞቹ ሳምንታት እንኳ አይቆዩም። ስለዚህ ብርድ ባለበት ቦታ ተሕዋሲው ሳይደርስ ተሸካሚዋ ትሞታለች። ጥቂት ዲግሪ የአንድን መንደር ዕጣ ይለውጣል።

ታዲያ እኛ ምን እናደርጋለን? አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር ለሆነ ፒክስል፣ ማለትም ለካርታው አንድ ትንሽ ካሬ፣ አንድ አማካይ ቁጥር እንሰጣለን። እዚያ ፒክስል ውስጥ ገደል አለ፤ ሜዳ አለ፤ ቤት አለ። ማታ የቤቱ ውስጥ ከውጭው ይሞቃል። ትንኟ ደም ጠጥታ የምታርፈው እዚያው ግድግዳ ላይ ከሆነ የእሷ ሙቀት የእኛ ካርታ ላይ የለም። ደግሞ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ሥጋቱ ይጨምራል ማለትም አይደለም። ወባ የሚመቸው ወደ 25 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ እየበለጠ ሲሄድ የትንኟ ዕድሜ ያጥራል። ዴንጊ የተባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ኤደስ ኢጂፕቲ ግን እስከ 29 ዲግሪ ገደማ ይስማማታል። ለሁለቱም በሽታ አንድ የሙቀት ቀለም የቀባ ካርታ አንዱን በትክክል ቢያሳይ ሌላውን ያበላሻል።

ከፍታም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የኢትዮጵያንና የኮሎምቢያን ደጋማ ቦታዎች መዝገብ መርምሮ ነበር። ሞቅ ባለ ዓመት ወባ ሽቅብ ይወጣል፤ ቀዝቀዝ ሲል ይመለሳል። «ከዚህ በላይ ወባ የለም» ብለን የምናሰምራት መስመር ከዓመት ዓመት ትንቀሳቀሳለች። እኛ ግን አንዴ አስምረን አሥር ዓመት እንተዋታለን። ከመስመሯ በላይ ያሉት ሰዎች ወባን ያልለመዱ በመሆናቸው ሲደርስባቸው የሚበረታው በእነሱ ላይ ነው።

የታማሚ መዝገብን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሰው የሚመዘገበው በታከመበት ነው፤ በተነደፈበት አይደለም። ጤና ተቋም የሌለበት መንደር መዝገቡ ላይ ጤነኛ ሆኖ ይታያል። ይህም ሌላ ባዶ ቦታ ነው።

ባዶውን እንዴት እናክብረው? ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ያረጋገጠውን እንግሊዛዊ ሐኪም ሮናልድ ሮስን አስቡት። እ.ኤ.አ. ከ1895 ጀምሮ ህንድ ውስጥ ትንኝ እየሰነጠቀ በማይክሮስኮፕ ይመለከት ነበር። ሁለት ዓመት ያህል የሰነጠቃቸው በአብዛኛው ወባ የማያስተላልፉ ዓይነቶች ነበሩ፤ የፈለገውን አላገኘባቸውም። የሚሰነጥቀውን ግን ያውቅ ነበር፤ ይመዘግብም ነበር። ነሐሴ 1897 ሴኩንደራባድ ላይ ክንፏ ነጠብጣብ የሆነ ሌላ ዓይነት ትንኝ እጁ ገባች። በእሷ ሆድ ዕቃ ግድግዳ ላይ የወባውን ተሕዋሲ አየ። ያ ሁሉ «አጣሁ» ባይመዘገብ ኖሮ የመጨረሻዋ ትንኝ ልዩ መሆኗን በምን ያውቅ ነበር?

የእኛ የመስክ ሰዎች «አጣሁ» የሚሉበት ቅጽ ብዙ ጊዜ የለንም። እጭ ካገኙ ይጽፋሉ። ሃምሳ ኩሬ ጨልፈው ባዶ ከሆነ ሳይጽፉ ይመለሳሉ። የዚያ ቀን ድካም ሜዳ ላይ ይቀራል። እኛም ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠን ያንን ቦታ ማንም ያልረገጠው እናስመስለዋለን። በጣም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ እነሆ። ከዘንድሮ ጀምሮ በማኅበራችን ስም የሚወጣ ማንኛውም የሥጋት ካርታ ላይ ያልተፈለገበት ቦታ በጭረት ይሸፈን። ዝቅተኛ ሥጋት ያለበት ቀለም አይሰጠው። በየቦታው ለመጨረሻ ጊዜ ሰው ወርዶ ያየበት ወርና ዓመት ይጻፍ። ካርታው አያምርም፤ አውቃለሁ። ዝንጉርጉር ይሆናል። አለቆች «ይህ ምንድን ነው?» ይሉናል። ይበሉን። አጎበርና ኬሚካል የሚያከፋፍለው ሰው የት እንደምናውቅና የት እንደማናውቅ ለይቶ ማየት አለበት። ሐሳቡ ነገ ከሰዓት በኋላ ለውይይት ይቀርባል፤ የምትቃወሙ ካላችሁም በቂ ሰዓት ይዘናል።

ለዛሬ ግን አንድ ሥራ አለን። ከኋላ ግድግዳው ላይ ትልቅ የወረቀት ካርታ ተሰቅሏል። አብዛኛው በጭረት የተሸፈነ ነው። አጠገቡ እስክሪብቶ አለ። ወደ ዕረፍት ስትወጡ በዚያ በኩል እለፉ። ወርዳችሁ ያያችሁትን ቦታ ፈልጉና ወሩንና ዓመቱን ጻፉበት። እጭ ካገኛችሁ ያገኛችሁትን ዓይነት። ካላገኛችሁ «አጣሁ» ብላችሁ ጻፉ። ያቺ ባልደረባዬ ዛሬ እዚህ ስላለች የመጀመሪያውን እሷ ትጻፍልን።

ጉባኤው ተከፍቷል።