አራቱ ነጥቦች

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ባለፈው ክፍል አንዱ ሌላውን እየዞሩ በየተራ የሚጋረዱትን የጥንዶቹን ኮከቦች ነገር ጨርሻለሁ፣ ሰማያዊውን ደብተር ከድኛለሁ ብዬ ነበር። መልሼ ከፍቼዋለሁ።

ሊነጋጋ ሲል ነበር። የዋናውን ኮከብ ፍጥነት፣ ብርሃኑ ወደ ቀለማቱ ሲበተን ከሚታዩት ጥቁር መስመሮች መንሸራተት አውጥቼ፣ ምህዋሩ የሚያመጣውን ድርሻ ከላዩ ቀንሼ፣ የተረፈውን በስክሪኑ ላይ ዘረጋሁት። ነጥቦቹ ከዜሮው መስመር በላይና በታች በሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይወዛወዙ ነበር፤ ይህ ኮከቡ ሲያብጥና ሲኮማተር የሚፈጥረው ትርታ ነው፤ ወራት የደከምኩትም ለእሱ ነው። ጓደኛው ኮከብ ዋናውን መጋረድ በጀመረበት፣ ማለትም ግርዶሹ በጀመረበት ሰዓት የተወሰዱት አራት ነጥቦች ግን ከሌሎቹ ተለይተው ሽቅብ ወጥተዋል። አየኋቸው፤ ሰረዝኳቸው። ከዚያም ደብተሩን ስቤ ከሰዓቱ ጎን «ደመና» ብዬ ጻፍኩ።

እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ቃል ነው። የዚያን ሌሊት የምልከታ መዝገብ ትናንት ሳነብ ስለ ደመና አንድም ነገር አላገኘሁም። ደክሞኝም አልነበረም፤ ቅደም ተከተሉን በደንብ አስታውሳለሁ፤ መጀመሪያ ሰረዝኩ፣ ምክንያቱን የፈለግኩት በኋላ ነው።

የሰማይ ተመልካቹ ጉድሪክ በ1783 አልጎል የተባለው ኮከብ በየ2 ቀን ከ21 ሰዓት ገደማ የሚደበዝዘው አንድ አካል ስለሚጋርደው ሊሆን ይችላል ብሎ ነበር፤ ፎገል በ1889 ብርሃንን ወደ ቀለማቱ በሚበትነው መሣሪያ፣ በስፔክትሮስኮፕ፣ የመስመሮቹን ወዲያና ወዲህ መንሸራተት ለክቶ ጓደኛ ኮከብ እንዳለው አረጋገጠ። ቤሎፖልስኪ በ1894 ዴልታ ሴፌይ በተባለው ኮከብ ላይ ተመሳሳይ መንሸራተት ሲያገኝ ይህም ጥንድ ነው ብሎ ቢያስብ ማን ይፈርድበታል? ሻፕሊ በ1914 «የለም፣ ኮከቡ ራሱ ነው የሚርገበገበው» ብሎ እስኪከራከር ድረስ ሃያ ዓመት አለፈ። መስመሩ ሲንሸራተት ስለ ፍጥነት ይነግረናል እንጂ ፍጥነቱን ያመጣው ምህዋር ይሁን ትርታ ለብቻው አይነግረንም። የኔ ኮከብ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ላይ የያዘ ነው።

ወደ አራቱ ነጥቦች ልመለስ። ኮከቡ በራሱ ዛቢያ ስለሚሽከረከር አንደኛው ጎኑ ወደ እኛ ይመጣል፣ ሌላኛው ይሸሻል። ጓደኛው ወደ እኛ የሚመጣውን ጎን ቀድሞ ሲሸፍን፣ የሚሸሸው ጎን ብርሃን ስለሚያይል ኮከቡ በሙሉ የሚርቅ ይመስላል፤ ከግርዶሹ እኩሌታ በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ሮሲተርና ማክላፍሊን በ1924 ያሳዩት ይህንን ነው። በሌላ በኩል ትርታው የኮከቡን ገጽ በከፊል የሚያነሳ፣ በከፊል የሚያሰጥም ከሆነ፣ ጋራጁ አንዱን ክፍል በሸፈነ ቁጥር የሌላው እንቅስቃሴ ጎልቶ ይወጣል። የትርታው ዑደት ሦስት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ በየሃያ ደቂቃው የተወሰዱት አራት ነጥቦች የአንዱ ትርታ ግማሽ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛው አጋማሽ ቢኖረኝ ይለይልኝ ነበር፤ ኮከቡ ግን ግርዶሹ እኩሌታ ላይ ሳይደርስ ወደ አድማስ ወረደብኝ።

ይህን ሁሉ የምለው ነገሩ ትንሽ ስላልሆነ ነው። በ2010 ትልቁ የማጄላን ደመና በሚባለው ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ ያለ፣ በጥንድ ግርዶሽ የሚጋረድ አንድ ሴፌይድ (እንደ ዴልታ ሴፌይ የሚርገበገብ ኮከብ) መጠነ ቁስ በ1 በመቶ ትክክለኛነት ሲለካ፣ በትርታ ስሌትና በኮከብ ዕድገት ስሌት መካከል ለአሥርተ ዓመታት በቆየው የመጠነ ቁስ አለመጣጣም የትኛው ወገን እንደሚያዋጣ ታየ፤ የትርታው ስሌት ትክክል ነበር። ያንን ውጤት ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ተጋራጅ ጥንዶች ኮከብን የምንመዝንባቸው ሚዛኖቻችን ናቸው። እኔ ደግሞ ሚዛኑ ላይ ጣቴን አሳርፌ ይሆን?

ነጥቦቹን ትናንት መለስኳቸው። ክብ የነበረው ምህዋር በትንሹ ሞላላ ሆነ። ይህን ያህል የተቀራረቡ ኮከቦች አንዱ በሌላው ስበት ምህዋራቸው እየከበበ መሄድ አለበት፤ ስለዚህ ሞላላነቱ ሐሰት ሳይሆን አይቀርም፤ ያም ከሆነ መሰረዜ ትክክል ነበር ማለት ነው… አይ፣ እንዲያ ማለት አልችልም። ሞላላውን ያመጣው የሮሲተር ውጤት ከሆነ ነጥቦቹ እውነተኛ ናቸው፤ ሐሰቱ እነሱን እንደ ምህዋር ማንበቤ ነው።

«ደመና» የሚለው ቃል እስካሁን ደብተሩ ላይ አለ። በላዩ ላይ መሰረዣ ላሰምርበት ብዕር አነሳሁና ተውኩት፤ በምትኩ ምን እንደምጽፍ አላውቅም። ኮከቡም አሁን ከፀሐይ ጋር በቀኑ ሰማይ ላይ ነው፤ እስኪመለስ ወራት ይፈጃል፤ ሲመለስም ግርዶሹ በሌሊት፣ ያውም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው የሚታይበት ሰዓት ላይ ከዋለ…