ባዶ ማዳበሪያ

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ስለ ሌላ ጉዳይ ላወራ ነበር፤ አልሆነልኝም። እቴቴ፣ የጎጃሟ ገበሬ እንግዳዬ፣ መጥተው ሄደዋል። አዎ፣ ባለፈው የነገርኳችሁ፣ ቆጣሪ አንባቢውን ቁርስ ሳይበላ አትወጣም ብለው ያስቀሩት እቴቴ። በረንዳዬ ላይ ስለ ደረቀው ቃሪያዬ ለጠየቃችሁኝ ደግሞ፦ አሁንም እንደሞተ ነው።

ነገሩ የተነሳው ከዚያው ከቃሪያው ነው። ቡናው ሲያበቃ እቴቴ የጀበናውን አተላ በረንዳ ይዘው ወጡና ከደረቀው ግንድ ሥር ደፉት። ሳቅኩ። እርሳቸው ግን ሳይስቁ፣ "የዚህ ቤት ሽንት ቤት የት ነው የሚወጣው?" አሉኝ። "ከፊሉ በፍሳሽ መስመር ወደ ቃሊቲ፣ ከፊሉ ደግሞ…" ብዬ በእጄ ወደ ግንፍሌ ወንዝ አመለከትኩ። ግንፍሌን አዩ። ዞረው ኩሽናው በር ላይ የቆመውን፣ ከጎጃም ያመጡልኝን ጤፍ አዩ።

"እንግዲያ አይመለስማ" አሉ።

ይህችን "አይመለስማ" ነው ሳምንቱን ሙሉ የማመላልሳት። ወቀሳ ነበረች? ድምፃቸው የወቀሳ አይደለም። ላም የጠፋችበት ሰው ድምፅ ነው ልበል? እርሱም አይደለም፤ ላም የጠፋችበት ይጮኻል።

እኔ ምን አደረግኩ? አስተማሪ ሆንኩ። የፀሐይ ጉልበት ጤፉ ውስጥ ገብቶ፣ በየደረጃው አብዛኛው ሙቀት ሆኖ እየጠፋ፣ ለቀጣዩ በላተኛ በግምት አሥር በመቶው ብቻ እንደሚደርስ ተነተንኩላቸው። ሬይመንድ ሊንደማን የሚባል አሜሪካዊ በሚኒሶታ አንዲት ትንሽ ሐይቅ ይዞ ይህን ሲያሰላ ኖሮ፣ ጽሑፉ በ1942 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲታተም እርሱ በ26 ዓመቱ ሞቶ ነበር። ይህንንም ነገርኳቸው፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። እቴቴ "ነፍስ ይማር" አሉ። ከልባቸው አዝነው።

የጠየቁኝ ግን ስለ ጉልበት አልነበረም። ጉልበትማ አንዴ ይሄዳል፣ ፀሐይ ነገም ትወጣለች። የጠየቁኝ፣ ስሙን ባይጠሩትም፣ ሰብል ያለ እርሱ ስለማያድግበት ማዕድን፣ ስለ ፎስፈረስ ነው። ናይትሮጅን እንኳ የአየሩ 78 በመቶ ነው፤ ባቄላና ሽምብራ በሥራቸው ባሉ ባክቴሪያዎች ወደ አፈር ያወርዱታል። ፎስፈረስ ከድንጋይ ነው የሚወጣው፤ እንደ ናይትሮጅን በአየር ዞሮ አይመጣም።

እስቲ የእቴቴን ማሳ ተከተሉልኝ። በአውቶቡስ አራት ኪሎ ይደርሳል። በእኔ በኩል ያልፋል፤ ይቅርታ። ከዚያ ግንፍሌ፣ ቀበና፣ አቃቂ፣ አባ ሳሙኤል። እዚያ እምቦጭ ይቀበለዋል፤ እንዴት ያለ የጠገበ እምቦጭ! ከእምቦጩ ያመለጠው ወደ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ ጂቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። የዓባይ ተፋሰስ አፈር እኮ ነው! ጎርፍ ቢወስደው ግብፅ ይወርድ ነበር፤ እኔ በልቼ ወደ አቤ ላክሁት። እስከ ማታ ድረስ ይህ አስቆኝ ነበር።

ማታ ደግሞ ኩበቱን አነሳሁባቸው። ለመሬቱ የሚሆነውን ታነዱታላችሁ፣ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል አልኳቸው። "እንጨት አለ እንዴ ልጄ? አመዱን ጎመኑ ሥር እንበትነዋለን" አሉ። ፎስፈረሱ የሚቀረው አመዱ ውስጥ ነው። ይህን አውቃለሁ። ልክ ነዎት አላልኳቸውም። ለምን አላልኳቸውም? ደክሞኝ ነበር። አይ፣ አልደከመኝም።

ጠዋት ጤፉን በርሜል ውስጥ ገለበጡልኝ። ለማዳበሪያ መግዣ ብዬ ገንዘብ ሰጠኋቸው፤ ተቀበሉ፣ መረቁኝ። ጤፉ የመጣበትን ጆንያም እኮ "ማዳበሪያ" ነው የምንለው። እርሱን በረንዳው ላይ አራገፉት፣ አጠፉት፣ እንደገና ፈትተው በሌላ በኩል አጠፉት። ረጅም ጊዜ የፈጀ ይመስለኛል፤ ወይም እኔ ነኝ ያስረዘምኩት። ስኳርና ሳሙና ገዝቼላቸው ነበር፤ በፌስታል ያዙት። ማዳበሪያውን ባዶውን በብብታቸው ይዘው ወረዱ።

እደውላለሁ ብዬ እስካሁን አልደወልኩም። ምን እላለሁ? አመዱን በተመለከተ ልበል?

የቡናው አተላ አሁንም ማሰሮው ላይ ነው። ጉንዳን ወርሮታል፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ። ትናንት ከየት እንደሚመጡ ልከተላቸው ሞክሬ ነበር፤ በፍሳሽ ቧንቧው ጎን ጎን ይወርዳሉ፣ እስከ ሁለተኛ ፎቅ አየኋቸው፣ ከዚያ ጎረቤቴ በሩን ከፍታ ምን ጠፋህ ስትለኝ…