ሚያው

እሺ፣ እየቀዳ ነው መሰለኝ። ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። መስኮቱን ዘግቼዋለሁ፣ ግን የባጃጅ ጡሩምባ መግባቱ አይቀርም። ባሕር ዳር ነው፣ ምን ይደረግ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ኳስ ተጫዋችና ስለ አንዲት ድመት ነው። በኋላ ወደ ሌላ ነገር እሄዳለሁ፣ ታገሱኝ።

ኩርት ዙማን ታስታውሱታላችሁ? ፈረንሳዊው ተከላካይ። ቼልሲ ነበር፣ ከዚያ ዌስትሃም ገባ። ቪዲዮው የወጣው ጥር 30 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ቤቱ ውስጥ፣ ወጥ ቤት ነው፣ ድመቷን በእርግጫ ይላታል። ጫማ ይወረውርባታል። ሕፃን ልጅ አቅፏት እያለ በጥፊ ይመታታል። የሚቀርጸው የገዛ ወንድሙ ነው። የሰው ሳቅም ይሰማል። ይቺን ሳቅ ያዙልኝ።

ጥፋቷ ምን ነበር ብትሉ፣ ወንበር አበላሸች ነው። ፍርድ ቤት የተነገረው ምክንያት ይኸው ነው።

በማግስቱ ዌስትሃም ከዋትፎርድ ይጫወታል። አሠልጣኙ ዴቪድ ሞዬስ አሰለፈው። ካሉኝ ጥሩ ተጫዋቾች አንዱ ነው አለ፣ በቃ። ዙማ ኳስ በነካ ቁጥር ስታዲየሙ ይጮኽበታል። የዋትፎርድ ደጋፊ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ የራሱም ደጋፊ ጭምር። ዌስትሃም 1 ለ 0 አሸነፈ፣ ስለ ጎሉ ግን ማን አወራ? ከዚያ ቅጣቱ ተከታተለ። ክለቡ የሁለት ሳምንት ደመወዙን ቀጣው፣ 250 ሺህ ፓውንድ። አዲዳስ ውሉን አቋረጠ። የእንግሊዝ የእንስሳት ጥበቃ ድርጅት ሁለቱን ድመቶቹን ወሰዳቸው። ግንቦት 24 ቀን ደግሞ የለንደን ፍርድ ቤት 180 ሰዓት ያለ ክፍያ የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሠራና ለ5 ዓመት ድመት እንዳይዝ ፈረደበት። ቀራጩ ወንድሙም 140 ሰዓት ደረሰው።

እኛ ጋ እንዴት እንደደረሰ ልንገራችሁ።

ረቡዕ ነበር። ጣና ዳር ካሉት ዓሣ ቤቶች አንዱ ውስጥ አራት ሆነን ተቀምጠናል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፣ እኛ በልተናል፣ እሱን ከነፍስ አባቴ ጋር እጨርሳለሁ። ቆሮሶ ጥብስ ነው፣ ከነጭንቅላቱ፣ ዳጣው ከጎኑ። አንዱ ጓደኛችን ስልኩን አወጣና ቪዲዮውን አሳየን። ስልኩ በሚጥሚጣና በዘይት እጅ ዞረ።

ሳቅን።

እውነቱን ልናገር ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት። ሳቅን። «ለድመት?» አለ አንዱ። «ለድመት 250 ሺህ ፓውንድ?» ሌላው ወዲያው በብር መታው። ከዚያ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እዚህ ሰው እየረገፈ እነሱ ለድመት ያለቅሳሉ» አለ። ያን ዓመት ታስታውሱታላችሁ። ከተማችን ስንት ሐዘን እንዳስተናገደች፣ ስንት ቤት ድንኳን እንደተተከለ። ጓደኛዬ ያለው ውሸት አይደለም። እስከ ዛሬ ውሸት ነው ብዬ አልከራከረውም። የዓለም ዐይን እኛ ላይ ሲደርስ ጨፍኖ ድመቷ ላይ ሲደርስ ተገለጠ፣ ይሄ ያማል።

ያኔ የዌስትሃም አጥቂ የነበረው አንቶኒዮም እኮ የጓደኛዬን ዓይነት ጥያቄ ነው የጠየቀው። ጋዜጠኛ ስለ ዙማ ሲጠይቀው፣ ይሄ ከዘረኝነት ይብሳል ወይ ብሎ መልሶ ጠየቀ። ዘረኛ ስድብ ተሳድበው የተወሰነ ጨዋታ ተቀጥተው የተመለሱ ተጫዋቾች አሉ ለማለት ነው። ጥያቄው ጥያቄ ነው። ግን አስተዋላችሁ? አንቶኒዮም የኔ ጓደኛም ስለ ድመቷ ምንም አላሉም። ድመቷ ከወሬው ወጥታለች።

እኔስ ምን አደረግኩ? ወሬው ከበድ ሲል ላቀለው ፈለግኩ መሰለኝ፣ «ሚያው» አልኩ። እንደ ድመት። በደንብ ነው የማስመስለው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ።

ከጠረጴዛው ሥር የዓሣ ቤቷ ድመት ነበረች። ግራጫ፣ አንድ ጆሮዋ ጫፉ የተቀደደ፣ አጥንት የምትጠብቅ። ሚያው ስል ቀና ብላ አየችኝ። እኔን ነው ያየችው፣ ሳህኑን አይደለም። ጆሮዋን ወደኔ አቁማ ጠበቀች። እኔም በጫማዬ ጫፍ ገፋ አደረግኳት። ሆን ብዬ አይደለም፣ ልማድ ነው። እግራችን ያውቀዋል እኮ ይሄን ነገር፣ አእምሯችንን አያስፈቅድም።

ከአራታችን ያልሳቀው አንድ ነው። ሙስሊም ወዳጃችን ነው። «ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት በሷ ምክንያት እሳት ገባች የሚል ሐዲስ አለን» አለና ዓሣውን ቀጠለ። ስብከት አላደረገውም። እኛም አለፍነው።

በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ ጾመ ነነዌ ገባ። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ዮናስ፣ ዓሣ አንበሪው። ግን መጨረሻውን ልብ ብላችሁታል? ንጉሡ ሰውም እንስሳም እንዳይቀምስ፣ ሁለቱም ማቅ እንዲለብሱ ነው ያዘዘው። በሬው በምን ጥፋቱ? መጨረሻ ላይ ዮናስ ከተማዋ ባለመጥፋቷ ተቆጥቶ ሲያኮርፍ፣ እግዚአብሔር ለከተማዋ ያዘንኩት ቀኝና ግራቸውን የማይለዩ ከ120 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ስላሉባት ነው ይለዋል። ከዚያ «ብዙ እንስሶችም» ይላል። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል። የመጨረሻው ቃል ስለ እንስሳ ነው። በየዓመቱ ሦስት ቀን እንጾመዋለን፣ ያቺን ቃል ግን እኔ ስንት ዓመት ሰምቼ አልሰማኋትም።

አሁን፣ ለምን ሳቅን የሚለውን ሳስብ ቆይቻለሁ። ጨካኝ ስለሆንን ነው? አይመስለኝም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የነበሩት ሰዎች ጎረቤት ሲታመም ሌሊት የሚነሱ ናቸው። እንደሚመስለኝ ለድመቷ ካዘንን አህያው ይመጣል። ነገሩ ይሄ ነው። አንዷን በር ከፍተህ ካስገባህ ሌሎቹ ተሰልፈው ቆመዋል።

ገበያ ስትሄዱ የምታዩትን አህያ አስቡት። ጀርባው ገጣባ ነው። ቁስሉ ክፍት ነው፣ ዝንብ ሰፍሮበታል፣ ጭነቱ ቁስሉ ላይ ነው የሚያርፈው። ነጂው ሊያፈጥነው ሲፈልግ በዱላው ጫፍ እዚያችው ቁስል ላይ ይነካዋል፣ እዚያ ስለሚሰማው። ነጂው ደግሞ ቁርሱን ያልበላ የ14 ዓመት ልጅ ነው። በማን ልታዝን ነው? ዘወር ብለህ ቲማቲም ትገዛለህ። ሕጉ አለ፣ የወንጀል ሕጋችን እንስሳን ማሠቃየት ያስቀጣል ይላል፣ በዚህ የተቀጣ ሰው ግን እኔ አይቼ አላውቅም። በነገራችን ላይ፣ አህያ እኮ ተረታችን ላይም አልተሳካላትም። ባሏ እንኳ ከጅብ አያስጥላትም።

ስለዚህ ሳቁ በር መዝጊያ ነው ባይ ነኝ። የዙማ ወንድም ሳቅም፣ የኛም።

እዚያ ስታዲየም የጮኹትንም ቢሆን ብዙ አላመሰግናቸውም። ጩኸቱ ውስጥ ደስታ ነበር። ተጋጣሚህን የምትሰድብበት ነገር ሲገኝ እንዴት ደስ እንደሚል እኛ አናውቅም እንዴ? የከተማችን ክለብ፣ የጣና ሞገዶቹ፣ ሲጫወቱ ስታዲየም የገባ ያውቀዋል። ሰው አንድ ጥፋተኛ ሲያገኝ የራሱን ዕዳ እሱ ላይ ጭኖ ቀለል ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አንድ ሌላ ታሪክ ግን አለ፣ እሱ ነው ሐሳቤን የቀየረው። ማይክል ቪክ። የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች፣ በእጅ የሚጫወቱትን ማለቴ ነው። በጊዜው ትልቅ ኮከብ ነበር፣ የአትላንታ ፋልከንስ። እ.ኤ.አ. በ2007 ቨርጂኒያ ያለው ግቢው ሲፈተሽ ውሻ ማዋጊያ ሆኖ ተገኘ። እዚያ የማይረቡ የተባሉ ውሾችን ይሰቅሏቸው፣ ውኃ ውስጥ ይዘፍቋቸው ነበር። 23 ወር ተፈረደበት። እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ሜዳ ተመለሰ፣ ለፊላደልፊያ። አሜሪካኖች እስከ ዛሬ ይጨቃጨቁበታል፤ ቅጣቱን ጨርሷል፣ አልጨረሰም፣ ነጭ ቢሆን ኖሮ እያሉ።

እኔን የያዘኝ ግን የውሾቹ ጉዳይ ነው። እስከዚያ ድረስ ከእንዲህ ዓይነት ቦታ የሚያዙ ውሾች ባብዛኛው በጅምላ ነበር የሚገደሉት። አደገኛ ናቸው ተብሎ፣ አንድ ላይ። የቪክ ጊዜ ግን ባለሙያዎች ተመድበው ወደ 50 የሚጠጉትን ውሾች አንድ በአንድ አዩአቸው። ይቺ ሰው ትፈራለች። ይሄ መጫወት ይወዳል። ይቺ ገና ጊዜ ትፈልጋለች። ስም ወጣላቸው። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ዳኑ፣ ብዙዎቹም ሰው ቤት ገቡ። ፍርድ ቤቱ ለእንክብካቤያቸው ከ900 ሺህ ዶላር በላይ ቪክን አስከፈለው።

አንድ በአንድ። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ነው ያ ማዳበሪያ ትዝ ያለኝ።

እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው ያደግኩት። አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ድመታችን ወለደች፣ እንጨት ማስቀመጫው ውስጥ። ዐይናቸው ገና አልተገለጠም። እናቴ ማዳበሪያ ውስጥ ከተተቻቸው፣ አፉን በሲባጎ አሰረችና ሰጠችኝ። «ራቅ አድርገህ ጣላቸው» አለች። ክፋት የለባትም። እህል የለም፣ ልጅ ብዙ ነው፣ ድመት ደግሞ በየጊዜው ትወልዳለች። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ማዳበሪያው ቀላል ነበር። ይሞቅ ነበር። እግሬን ሲነካኝ ይሞቀኛል። ውስጡ ሲንጫጩ ቀጭን ድምፅ ነው፣ ሚያው እንኳ አይባልም፣ ገና አልተማሩትም። ሐይቁ ዳር ወረድኩ፣ ደንገሉ ውስጥ ገባሁ። ጭቃ ነው፣ እግሬ ይሰምጣል። ውኃ ውስጥ ልወረውር አስቤ አልቻልኩም። ስለዚህ ደንገሉ ሥር አስቀመጥኩት። ታንኳ ያለው ሰው ያገኛቸዋል፣ ዓሣ አጥማጅ ይወስዳቸዋል አልኩ ለራሴ። ደግ ልጅ የሆንኩ መሰለኝ። ሮጬ ተመለስኩ።

ሲባጎውን አልፈታሁትም።

ይሄን ነው ልነግራችሁ የፈለግኩት። ለምን እንዳልፈታሁት እስከ ዛሬ አስባለሁ። ተከትለውኝ እንዳይመጡ? ዐይን እንኳ የላቸውም። ቋጠሮው ጠብቆብኝ? አልሞከርኩትም። በማግስቱ ሄጄ ሳይ ማዳበሪያው የለም። ውኃው ከፍ ብሎ ነበር። ድመታችን ደግሞ ሦስት ወይ አራት ቀን እንጨቱ መሀል እየገባች ትጣራ ነበር። እኔም ከእንጨቱ ጀርባ ተደብቄ እመልስላታለሁ። ሚያው ማለት የተማርኩት ያኔ ነው።

ሰሞኑን ያ የዙማ ቪዲዮ እንደገና ስልኬ ላይ መጣ። እንዴት እንደመጣ አላውቅም፣ ስልክ እንዲህ ነው። ድምፁን ከፍቼ አየሁት። በዚያው ቀን እናቴ ጋ ደወልኩ። አሁን ዳንግላ ነው የምትኖረው፣ እኅቴ ጋ። ጤናዋን ጠየቅኋት፣ ዝናቡን ጠየቅኋት፣ ተመረቅኩ። ከዚያ፣

«እማዬ፣ ልጅ ሆኜ በማዳበሪያ አድርገሽ የሰጠሽኝ የድመት ልጆች ትዝ ይሉሻል?» አልኳት።

ዝም አለች። ከጀርባዋ የእኅቴ ልጅ ቴሌቪዥን ይሰማኛል።

«የትኞቹ?» አለችኝ። «ስንቴ ነው የላክሁህ እኮ፣ የኔ ጌታ።»